ከጃማ መስጂድ ደረጃ ሥር፦ የአሮጌው ዴልሂ የመንገድ ዳር ምግብ



ረመዳን ሲገባ ከዐስር ሶላት በኋላ በየመንደሩ የሚሰማው የዘይት ጩኸት የሳምቡሳ ነው። ምስርም ይሁን ሥጋ፣ ከተምር ቀጥሎ እጃችን የሚሄደው ወደ እሷ ነው። ይቺ ሳምቡሳ ግን ከእኛ ሰፈር በፊት ብዙ አገር አይታለች። ስሟ ከፋርስኛ የመጣ ሲሆን ወደ ዓረቡም ወደ ሕንዱም ዓለም የገባው ከዚያ ነው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ታላቁ ተጓዥ ኢብን በጡጣ በሡልጣን ሙሐመድ ቢን ቱግሉቅ ዘመን ዴልሂ ገብቶ በቃዲነት አገልግሏል። በጉዞ ማስታወሻውም በቤተ መንግሥቱ ማዕድ የቀረበውን ሲዘረዝር ሳምቡሳን አልረሳትም። ከለውዝ፣ ከፒስታቺዮ፣ ከሽንኩርትና ከቅመም ጋር የተሠራ የተፈጨ ሥጋ፣ በስስ ቂጣ ተጠቅልሎ በቅቤ የተጠበሰ ነበር።

ዛሬ ዴልሂ ሄዳችሁ ከመንገድ ዳር ሳምቡሳ ብትገዙ (እነሱ ሳሞሳ ይሏታል) ውስጧ የምታገኙት አብዛኛውን ጊዜ ድንች ነው። ኢብን በጡጣ ቢያያት ግራ ይገባው ነበር። በእሱ ዘመን በሕንድ ድንችም፣ ቲማቲምም፣ ቃሪያም አልነበረም፤ ሦስቱም ከአሜሪካ ምድር በአውሮፓውያን መርከብ የመጡት ከእሱ በኋላ ነው። ስለዚህ «ጥንታዊ የሕንድ ምግብ» የሚል ማስታወቂያ ስናይ ትንሽ ቆም ማለት ይገባል። በአሮጌው ዴልሂ መንገድ ላይ የሚሸጠው ምግብ ማን ወደ ከተማዋ እንደመጣ፣ ማን እንደተባረረና ማን እንደቀረ የሚናገር ነው። በዚህ ጽሑፍ የምናየውም ይህንኑ ነው።

የምንናገርለት ሰፈር በቀድሞ ስሙ ሻህጀሃናባድ ይባላል። የሙጋሉ ንጉሥ ሻህ ጀሃን ቀዩን ምሽግ ማስገንባት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1639 ነው (ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ጃማ መስጂድ በ1656 ተጠናቀቀ። ቻንድኒ ቾውክ የተባለውን ሰፊ የገበያ ጎዳና ያሠራችው ደግሞ ልጁ ጀሃናራ ናት፤ ያኔ በመሐሉ የውኃ ቦይ ያልፍ ነበር። ቦዩ ዛሬ የለም። ጠባቦቹ መንገዶች ግን አሉ፣ አንዳንዶቹም ስማቸውን ያገኙት ከሙያ ነው። ከመስጂዱ አጠገብ ያለችው ጋሊ ከባቢያን «የከባብ ሠሪዎች መንገድ» ማለት ናት። በቻንድኒ ቾውክ ምዕራባዊ ጫፍ ከፈተህፑሪ መስጂድ ጎን ያለው የካሪ ባኦሊ የቅመም ገበያ ደግሞ ገና ሳትደርሱበት ያስነጥሳችኋል፤ የደረቀ ቃሪያው አቧራ ነዋሪውንም ቢሆን አይምርም።

ከሁሉም በላይ ልናወራለት የሚገባው ኒሃሪ ነው። ዓረብኛ ለምታውቁ ስሙ ራሱ ይነግራችኋል፤ «ነሃር» ቀን ማለት ነው። ኒሃሪ ከፈጅር ሶላት በኋላ የሚበላ የጠዋት ምግብ ነው። ቅልጥሙ ከነሥጋው ማታ በትልቅ ድስት ይጣዳል። ዝንጅብል፣ ቅርንፉድ፣ ቀረፋ፣ ሄል፣ እንስላልና ቁንዶ በርበሬ ይገባበታል። እንፋሎቱ እንዳይወጣ የክዳኑ ዙሪያ በሊጥ ይመረጋል፤ ከዚያ ሌሊቱን በለዘብተኛ እሳት ያድራል። ጠዋት ሲከፈት ሥጋው በጣት ሲነኩት ይፈርሳል፣ መቅኔው መረቁ ውስጥ ቀልጧል፣ መረቁም በዱቄት ወፍሯል። ከላዩ ቀጫጭን የዝንጅብል ክትፋት፣ ቃሪያና ሎሚ ይደረግበትና በኸሚሪ ሮቲ ይበላል። «ኸሚር» እርሾ ነው፤ ሮቲው በታንዱር ማለትም በሸክላ ምድጃ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የሚጋገር እርሾ የገባበት ዳቦ ነው።

የቆዩ የኒሃሪ ቤቶች የሚኮሩበት አንድ ልማድ አለ። ከትናንቱ ድስት ትንሽ አስቀርተው በዛሬው ላይ ይጨምሩበታል። እናቶቻችን ከእንጀራው ሊጥ እርሾ እንደሚያስቀሩት ማለት ነው። ስለዚህ አንዳንዱ ባለቤት «የእኔ ድስት ለአሥርት ዓመታት ጨርሶ ባዶ ሆኖ አያውቅም» ብሎ ቢፎክር ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም።

የምግቡን ብልሃት ልብ በሉ። ቅልጥም ጠንካራና ርካሽ የሥጋ ክፍል ነው፤ በችኮላ ቢቀቅሉት አይበላም። ሌሊቱን ሙሉ ካደረ ግን ቀኑን ሸክም ሲሸከም ወይም ሪክሾ ሲነዳ ለሚውል ሰው እስከ ዙህር የሚያቆይ ጉልበት ይሆናል። ዛሬ ቱሪስት የሚሰለፍለት ምግብ ከሥራው ጠባይ የሠራተኛ ቁርስ ነው።

የሥጋውን ጉዳይ በዝምታ ማለፍ አይቻልም። በዴልሂ ከብት ማረድ በሕግ የተከለከለ ነው፤ ይህን የሚደነግገው ሕግ የወጣው በ1994 ነው። በመስጂዱ ዙሪያ «ትልቅ ሥጋ» የሚባለው የላም ወይም የበሬ ሳይሆን የለማዳ ጎሽ ሥጋ ነው። ልዩነቱ ለእኛ የጣዕም ነገር ሊመስለን ይችላል፤ ለእነሱ ግን የሕይወት ነገር ነው። በ2015 ከዴልሂ ብዙም በማይርቀው ዳድሪ አካባቢ ሙሐመድ አኽላቅ የተባለ ሙስሊም የላም ሥጋ ቤቱ አስቀምጧል በሚል ወሬ ብቻ በመንጋ ተደብድቦ ተገድሏል። አላህ ይዘንለት። ጎሕ ሲቀድ በድስቱ ዙሪያ የሚቀመጡት ሰዎች ይህን ሁሉ እያወቁ ነው የሚበሉት።

ለትምህርት ወደ ሕንድ ለምትሄዱ ወንድሞችና እህቶች ደግሞ አንድ ማሳሰቢያ። በጃማ መስጂድ ዙሪያ ያለው ሥጋ ሐላል ነው። በሌላው የከተማው ክፍል ግን በአንድ ምት አንገቱ የተቆረጠ እንስሳ ሥጋ፣ «ጃትካ» የሚባለው፣ ይሸጣል፤ ብዙ ቦታ በሰሌዳ ላይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ካልተጻፈ ጠይቁ፣ መጠየቅ እዚያ ነውር አይደለም።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። በ1857 የተነሳው ዐመፅ ሲከሽፍ እንግሊዞች ነዋሪውን ከከተማው አስወጡ፤ ሙስሊሞች እንዲመለሱ የተፈቀደላቸው ከሌላው ዘግይቶ ነው። ጃማ መስጂድም በሠራዊቱ እጅ ቆይቶ ለሙስሊሞች የተመለሰው በ1862 ነው። የመጨረሻው የሙጋል ንጉሥ ባሃዱር ሻህ ዛፋር በዚያው ዓመት በስደት ራንጉን ላይ አረፈ። ንጉሥ ከሌለ የንጉሥ ወጥ ቤት የለም። በጋሊ ከባቢያን ያለው ታዋቂው የካሪም ምግብ ቤት ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ቤተሰቡ እንደሚተርከው አባቶቻቸው የቤተ መንግሥት ወጥ ሠሪዎች ነበሩ፤ ሐጂ ካሪሙዲን ለ1911ዱ የእንግሊዝ ንጉሥ በዓል ለመጣው ሕዝብ ድንች በሥጋና የምስር ወጥ ከሮቲ ጋር ሸጠ፣ በ1913 ደግሞ ቤቱን ከፈተ። የቤተ መንግሥት ሙያ በዚህ መልክ ወደ መንገድ ወረደ።

ሁለተኛው ነውጥ 1947 ነው። ሕንድና ፓኪስታን ሲለያዩ ብዙ የዴልሂ ሙስሊሞች ወደ ካራቺ ተሰደዱ፣ ኒሃሪም አብሯቸው ሄደ። ዛሬ ብዙ የካራቺ ልጅ ኒሃሪን የከተማው ምግብ አድርጎ ያየዋል። በተገላቢጦሽ ከምዕራብ ፑንጃብ የተፈናቀሉ ሂንዱዎችና ሲኮች ወደ ዴልሂ ጎረፉ፣ የታንዱር ዶሮን በከተማዋ ያስለመዱትም እነሱ ናቸው። በአንድ ዓመት ውስጥ የአንድ ከተማ ገበታ ተገለበጠ። ምግቡ ጣፋጭ ነው ስንል ይህን ሁሉ እንባ መርሳት የለብንም።

ከመስጂዱ ወደ ቻንድኒ ቾውክ በእግር ትንሽ ስትሄዱ ነገሩ ይለወጣል። የጄይኖች ቤተ መቅደስ፣ የሂንዱ ቤተ መቅደስ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ የሲኮች ጉርድዋራና መስጂድ በአንድ ጎዳና ላይ ተደርድረዋል። እዚያ ያለችው የፓራታ መንገድ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በውስጡ አታክልት የታሸገ ቂጣ በቅቤ ትጠብሳለች፣ ሥጋ በጭራሽ አይገባባትም፤ እንደ ጥንቱ ልማድ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም የለም። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። እኛም አገር ሙስሊምና ክርስቲያን ጓደኛሞች ሥጋውን ለየብቻ ይበሉና ሽሮ ወይም የጾም በያይነት ሲሆን አንድ ትሪ ይከባሉ። በአሮጌው ዴልሂም ሙስሊሙ ፓራታውን ያለ ሐሳብ የሚበላው ለዚሁ ነው። ስለ ጣፋጩ ብዙ አልልም። ጀለቢ በዓረብኛ «ዘላቢያ» የሚባለው ነው፣ የሐረርና የድሬዳዋ ልጆች የሙሸበክ ዘመድ መሆኑን ሲያዩት ያውቁታል።

መጠጡ ግን የሚነገር ታሪክ አለው። በመስጂዱ ፊት በሙቀት ወቅት ወተት፣ በረዶ፣ የተከተፈ ሐብሐብና ቀይ የጽጌረዳ ሽሮፕ ተደባልቆ «የፍቅር ሸርበት» እየተባለ ይሸጣል። ሽሮፑ ብዙ ጊዜ ሩህ አፍዛ ነው። ሐኪም አብዱል መጂድ በ1906 በዚሁ በአሮጌው ዴልሂ ሐምደርድ የተባለ የባህል መድኃኒት ቤት ከፈተ፣ ሩህ አፍዛም ከዚያ ወጣ። «ሐምደርድ» ሕመምን የሚጋራ ማለት ነው። ልጁ ሐኪም አብዱል ሐሚድ በ1948 ድርጅቱን ወቅፍ አደረገው፤ ዛሬ ጃሚያ ሐምደርድ የተባለው ዩኒቨርሲቲ ከዚያ ወቅፍ የተወለደ ነው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለተቀመጥን ልጆች ይህ ቀላል ወሬ አይደለም። አንድ ቤተሰብ ከሸጠው ጠርሙስ ሽሮፕ የተገኘ ገንዘብ የማያውቃቸውን ተማሪዎች ያስተምራል።

አሁን የሚከብደኝን ነገር ላንሳ። ከመስጂዱ ደቡብ በር ፊት ለፊት በሚጀምረው የማቲያ ማሀል ጎዳና አንዳንድ ምግብ ቤቶች በር ላይ ሚስኪኖች ተርታ ይዘው ቁጢጥ ብለው ይጠብቃሉ። ሰደቃ መስጠት የፈለገ አላፊ አግዳሚ ወደ ባለቤቱ ጠጋ ብሎ «ለአሥር ሰው» ወይም «ለሃያ ሰው» ብሎ ይከፍላል። ያን ያህል ሰው ሮቲና ወጥ ይሰጠዋል፣ ከፋዩ መንገዱን ይቀጥላል። ምዝገባ የለም፣ ፎርም የለም፣ የተራበ ሰው በዚያው ሰዓት ይበላል። ከብዙ በጀት ከተመደበለት እርዳታ ይህ ይፈጥናል። ነገር ግን ሰደቃ በድብቅ ቢሆን እንደሚበልጥ የተማርን ሰዎች ነን፤ ሰው ረሃቡን በአደባባይ ዘርግቶ እስኪከፈልለት መጠበቁ ክብሩን ይነካል። ሁለቱም እውነት ናቸው፣ አንዱን ጥዬ ሌላውን ማንሳት አልቻልኩም።

በዚያው ሰፈር ሌላ አቀማመጥም አለ። በሲስ ጋንጅ ጉርድዋራ ሲኮች ለመጣ ሁሉ በነጻ ያበላሉ፣ ሀብታምም ድሃም መሬት ላይ በአንድ ረድፍ ይቀመጣል። በረመዳን ደግሞ የጃማ መስጂድ ግቢ ራሱ ገበታ ይሆናል። ቤተሰቦች ከመግሪብ በፊት ጨርቅ ይዘረጋሉ፤ ተምር፣ ፍራፍሬ፣ ከሽምብራ ዱቄት ጋር የተጠበሰ ሽንኩርት፣ ሩህ አፍዛና ሳሞሳ ይደረደራል። ብቻውን የመጣ ሙሳፊር ካለ ከጎን ያለው ቤተሰብ ጠጋ ብሎ ቦታ ይለቅለታል። አዛን ሲሰማ ማን ለማን እንደከፈለ የሚያውቅ የለም። ከተራዊሕ በኋላ ጎዳናው እስከ ሱሁር አይተኛም፤ ወተት ውስጥ የሚነከረው ቀጭኑ ፌኒ ይሸጣል፣ በሊጥ የተመረገው የኒሃሪ ድስትም በእሳቱ ላይ ነው።