ዳገት ላይ ብቻ የሚያመው «ጨጓራ»



በቅርቡ አንድ የ58 ዓመት አባት መጥተው «ዶክተር፣ ጨጓራዬ አላስቀምጥ አለኝ» አሉኝ። መቼ መቼ ነው የሚያምዎት? አልኳቸው። «ከ4 ኪሎ ወደ 6 ኪሎ በእግሬ ስወጣ። ደረቴን ጭንቅ ያደርገኛል፣ ቆም ስል ይተወኛል።» ለወራት የጨጓራ መድኃኒት ሲውጡ ነበር። አልጋ ላይ ተኝተው የተነሱት ኢሲጂ ደህና ነው፤ ይሄ ግን አላረጋጋኝም። ወደ ልብ ስፔሻሊስት ላክኋቸው፣ የልባቸው የደም ሥር ጠቦ ተገኘ።

ጨጓራ እኮ ዳገትና ሜዳ አይለይም። ዳገት የሚለየው ልብ ነው። ሽቅብ ስንወጣ የልብ ጡንቻ ብዙ ኦክስጅን ይፈልጋል፤ ደም የሚያደርሱለት ሥሮች ከጠበቡ አይበቃውም፣ ያኔ ደረት ይጫናል ወይም ይጨመድዳል። ወደ ግራ ክንድ፣ ወደ አንገት፣ ወደ መንጋጋ ሊሄድም ይችላል። አንዳንዴ፣ በተለይ ሴቶችና የስኳር ሕመምተኞች ላይ፣ ሕመም ሳይኖር ትንፋሽ ማጠርና ያልተለመደ ድካም ብቻ ሆኖ ይመጣል። በእርምጃ የሚመጣና በዕረፍት የሚሄድ ሕመም ካላችሁ ዳገቱን ተዉትና መጀመሪያ ታዩ። ቆማችሁም ካልተዋችሁ፣ ወይም ላብ ካጠመቃችሁ፣ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል!

«ታዲያ ዶክተር፣ አንራመድ ነው የምትለን?» በፍጹም! የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። እኔ የምለው ቁልቁል ጀምሩ ነው። ታክሲ ይዛችሁ 6 ኪሎ ውጡ፣ ከዚያ በእግር እስከ መስቀል አደባባይ ውረዱ። ከ4 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል።

ይህን መንገድ ስለምወደው ትንሽ ላውራበት። 6 ኪሎ አደባባይ ላይ ያለው የየካቲት 12 ሐውልት በ1929 ዓ.ም. ፋሺስት ጣሊያን ለጨፈጨፋቸው ሰዎች መታሰቢያ ነው። በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተጣለው እዚያው ፊት ለፊት፣ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ በሆነው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ ነበር። ዝቅ ስትሉ ብሔራዊ ሙዚየም አለ፤ ድንቅነሽን ለማየት ጎራ በሉ፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት እሷም በሁለት እግሯ ትሄድ ነበር። 4 ኪሎ ላይ የሚያዝያ 27ን የድል ሐውልት ታገኛላችሁ። ከዚያ በታላቁ ቤተ መንግሥትና በአንድነት ፓርክ በኩል መንገዱ ቁልቁል ነው። ጉልበት የሚያማችሁ እዚህ ጋ እርምጃችሁን አሳጥሩ፣ ቁልቁለት ለልብ ቢቀልም ጉልበትን ይጫናል። ወዳጅነት ፓርክ ገብቶ ማረፍም ይቻላል። መጨረሻ ላይ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተበት አፍሪካ አዳራሽ፣ አጠገቡ እስጢፋኖስ፣ ከዚያ አደባባዩ።

ፍጥነቱስ? እያወራችሁ መሄድ ከቻላችሁ፣ መዝፈን ግን ካቃታችሁ ልክ ነው። መኪና ሳይበዛ በጠዋት ብትወጡ ጭሱም ይቀንሳል። ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርድ ኪኒን የምትወስዱ ኪሳችሁ ውስጥ ከረሜላ ይኑር፣ ጾም ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ሰዓቱን ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩ።

ይህን መንገድ ለሳምንታት ያለ ምንም ሕመም ከለመዳችሁት ገልብጡትና ሽቅብ ሞክሩት። እንጦጦ ፓርክ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የባሕር ዛፉ ሽታ፣ የእግር መንገዱ፣ ከላይ ሆኖ ከተማውን ማየት... ግን ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። እዚያ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ባሕር ወለል ላይ ካለው 70 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ከዲሲ ወይም ከዱባይ ለዕረፍት የምትመጡ፣ በደረሳችሁ ማግስት ዘመድ «እንጦጦ እንውጣ» ቢላችሁ እሺ አትበሉ፤ ሁለት ሦስት ቀን ከተማ ውስጥ ቆዩ። አዲስ አበባም ራሷ ከፍታ ናት።

ያ አባት ታክመው፣ የልብ ሐኪማቸው ከፈቀደላቸው ወዲህ በሳምንት ሦስት ቀን ከ6 ኪሎ ቁልቁል ይወርዳሉ። መመለሻው ለጊዜው በታክሲ ነው። የጨጓራ መድኃኒቱን አቁመዋል።