ከግላኮማ ቀዶ ህክምና በኋላ ጠባሳን የሚገቱ መድኃኒቶች

የግላኮማ ቀዶ ህክምና ከሚከሽፍባቸው ምክንያቶች ዋነኛው ቁስሉ ፈጥኖና ጠንክሮ መዳኑ ነው።

በሽታው በአብዛኛው የዓይን ፈሳሽ መውጫ ሲታወክ በሚፈጠር ግፊት የእይታ ነርቭን የሚጎዳ ሲሆን፣ አንዴ የጠፋ ብርሃን አይመለስም። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ለዓይነ ስውርነት ከዳረጉ ምክንያቶች የ5 ነጥብ 2 በመቶ ድርሻ እንደነበረው ተመልክቷል።

ሐኪሙ ኬርንስ እ.ኤ.አ. በ1968 ይፋ ያደረጉት ትራቤኩሌክቶሚ የተሰኘው ቀዶ ህክምና፣ በነጩ የዓይን ክፍል ላይ ትንሽ ቀዳዳ በመክፈት ፈሳሹ ከስስ ሽፋኑ ስር ወጥቶ እንዲመጠጥ ያደርጋል። ሰውነት ግን ቀዳዳዋን ከማንኛውም ቁስል ለይቶ አያይም። ፋይብሮብላስት የተባሉት ሕዋሳት ተባዝተው ኮላጅን በማምረት በጠባሳ ይደፍኗታል፤ ግፊቱም ተመልሶ ያሻቅባል። ይህ ችግር በወጣቶች፣ አፍሪካዊ የዘር ሐረግ ባላቸው እና ቀደም ሲል የዓይን ቀዶ ህክምና በተደረገላቸው ሰዎች ላይ ይበረታል።

መፍትሔው የተገኘው ከካንሰር መድኃኒቶች ነው። ፋይቭ-ፍሎሮዩራሲል ሕዋሳት ለመባዛት የሚያስፈልጋቸውን የዲ.ኤን.ኤ. ግንባታ ያውካል። በአሜሪካ በ213 ህመምተኞች ላይ በተደረገ ጥናት ከአምስት ዓመት በኋላ ቀዶ ህክምናው የከሸፈው መድኃኒቱን ካገኙት በ51 በመቶ፣ ካላገኙት ደግሞ በ74 በመቶ ላይ ነበር። ውጤቱ መልካም ቢሆንም በሁለት ሳምንት ውስጥ 21 ጊዜ ዓይን ላይ መወጋት ለማንም ቀላል አይደለም።

ማይቶማይሲን-ሲ ይህን አቃልሏል። የዲ.ኤን.ኤ. ገመዶችን እርስ በርስ በማቆራኘት የሕዋሳቱን መራባት የሚያስቆመው ይህ መድኃኒት፣ በቀዶ ህክምናው ወቅት በስፖንጅ ተነክሮ ለጥቂት ደቂቃዎች ከተቀመጠ በኋላ በሚገባ ይታጠባል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ለዚሁ አገልግሎት የተዘጋጀውን እ.ኤ.አ. በ2012 ፈቅዷል። ጠባሳን ብቻ ለይቶ ያስቀራል ተብሎ ተስፋ የተጣለበት ሌላ ፀረ እንግዳ አካል ግን እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣ የሙከራ ውጤት ብልጫ አላሳየም።

ጠባሳን የሚገታ መድኃኒት መዳንንም ስለሚገታ ጉዳት አያጣውም። ሽፋኑ ከመጠን በላይ ሊሳሳና ሊያፈስ፣ ግፊቱ ከሚገባው በታች ሊወርድ፣ ከዓመታት በኋላም ኢንፌክሽን ሊገባ ይችላል። በዚህ ምክንያት ቀዶ ህክምናው የተደረገለት ሰው ዓይኑ ከቀላ፣ ካመመው ወይም ፈሳሽ ካወጣ በዕለቱ ወደ ዓይን ሐኪም መሄድ ይኖርበታል።