የሥነ ምግባር መርሆዎችና ንድፈ ሐሳቦች በጤናና በማኅበራዊ አገልግሎት ሥራ፤ የሐዋሳን ታቦር ክፍለ ከተማ በምሳሌነት በመውሰድ

፩. መግቢያ

ከቤቶች በላይ ከፍ ብሎ በሚታየው የታቦር ኮረብታ ስም የሚጠራው ታቦር፣ ሐዋሳ ከተዋቀረችባቸው ስምንት ክፍለ ከተሞች አንዱ ነው። ሐዋሳ በ1950ዎቹ ዓ.ም. የተቆረቆረች ከተማ ስትሆን፣ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የሲዳማ ክልል ርእሰ ከተማ ናት። በ2008 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርክ ከተመረቀ ጀምሮ ከልዩ ልዩ ወረዳዎች የመጡ ብዙ ወጣት ሴቶች በከተማዪቱ ክፍል እየተከራዩ፣ ሦስትና አራት ሆነው በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ ይሠራሉ። እንዲህ ባለው ሰፈር የአንዱ ቤት ሳል ከሌላው ቤት ይሰማል፤ የአንዱም ምስጢር በቀላሉ የሌላው ወሬ ይሆናል።

በከተሞች ቤት ለቤት እየዞረ የጤና አገልግሎት የሚሰጠው ባለሙያ ሥራውን የሚያከናውነው በዚህ ዓይነት ሰፈር ውስጥ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር እ.ኤ.አ. በ2003 በገጠር ተጀምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 በነርስነት የሠለጠኑ ባለሙያዎችን በመመደብ ወደ ከተሞች ተስፋፍቷል። በዕቅዱ መሠረት አንዲት ባለሙያ ወደ 500 የሚደርሱ ቤተሰቦችን ትከታተላለች፤ ትምህርት ቤቶችንም ትጎበኛለች። ከዚህ የተነሣ በሰፈሩ ውስጥ የማን ቤት ምን እንደጎደለው፣ ማን ምን መድኃኒት እንደሚወስድ፣ የየትኛው ሕፃን ክትባት እንደተቋረጠ ከማንም ይበልጥ ታውቃለች። ዕውቀቱ ለሥራው አስፈላጊ የመሆኑን ያህል፣ ያለአግባብ ከተያዘ ሰውን ከቤቱና ከእንጀራው ሊያፈናቅል ይችላል።

ነገሩን ግልጽ ለማድረግ የሚከተለውን ምሳሌ እንውሰድ። በታቦር ከሁለት ጓደኞቿ ጋር በአንድ ክፍል የምትኖር የፋብሪካ ሠራተኛ በሳንባ ነቀርሳ መያዟ በምርመራ ይረጋገጣል። ሕክምናውን ለመጀመር ፈቃደኛ ብትሆንም፣ ባለሙያዋን “እባክሽ እኅቴ፣ አከራዬ ከሰሙ ያስወጡኛል፤ ለጓደኞቼም አትንገሪብኝ” ስትል ትለምናታለች። በማግስቱ አከራይዋ ባለሙያዋን መንገድ ላይ አግኝተው “ልጄ፣ ያቺ ልጅ ምን ሆና ነው? ቤቴ ውስጥ ሕፃናት አሉ” ይሏታል። ባለሙያዋ ምን መመለስ ይገባታል? ይህ ጽሑፍ ለጥያቄው መልስ የሚፈለግበትን መንገድ ያስረዳል፤ ከዚያም በመምህራንና በዕቅድ አውጪዎች ዘንድ ሊኖረው የሚገባውን ትርጉም ያመለክታል።

፪. የመርሆዎቹ አመጣጥ

የሕክምና ሥነ ምግባር ከጥንታዊው የሂፖክራተስ ቃለ መሐላ አንሥቶ የቆየ ነው። ሆኖም በዛሬ ጊዜ የሚሠራባቸው መርሆዎች በአብዛኛው ከደረሱ በደሎች የተወሰዱ ትምህርቶች ናቸው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በእስረኞች ላይ ያለፈቃዳቸው ሙከራ ያደረጉ የናዚ ሐኪሞች ተከሰው ሲፈረድባቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1947 የኑረምበርግ ደንብ ወጣ። የደንቡ የመጀመሪያ ቃል፣ በሰው ላይ ምርምር ለማድረግ የሰውየው የፈቃድ ስምምነት ፍጹም አስፈላጊ ነው የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 የዓለም ሐኪሞች ማኅበር የሄልሲንኪን መግለጫ አጸደቀ።

በአሜሪካ አላባማ ግዛት፣ በተስኪጊ ከተማ፣ ከ1932 እስከ 1972 እ.ኤ.አ. በተካሄደው ጥናት 399 ቂጥኝ ያለባቸውና 201 የሌለባቸው ጥቁር ወንዶች ለአርባ ዓመታት ሲታዩ ቆይተዋል። ፔኒሲሊን ፍቱን መድኃኒት መሆኑ ከታወቀ በኋላ እንኳ ለሕሙማኑ አልተሰጣቸውም፤ የበሽታቸውም ስም በትክክል አልተነገራቸውም። ይህ በይፋ ሲጋለጥ ከተወሰዱት እርምጃዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው የቤልሞንት ሪፖርት ነው። በዚያው ዓመት ቢቻምፕና ቺልድረስ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ባሳተሙት መጽሐፍ አራት መርሆዎችን አቀረቡ። እነዚህም የሰውን በራሱ የመወሰን መብት ማክበር፣ ጉዳት አለማድረስ፣ መልካም ማድረግና ፍትሕ ናቸው።

፫. ዋና ዋናዎቹ ንድፈ ሐሳቦች

መርሆ ምን መጠበቅ እንዳለበት ይናገራል፤ ንድፈ ሐሳብ ደግሞ ስለምን እንደሚጠበቅ ያስረዳል። በዚህ ረገድ አራት የአስተሳሰብ መንገዶች በሰፊው ይታወቃሉ።

የመጀመሪያው ድርጊትን በውጤቱ የሚመዝን ነው። ቤንታምና ሚል ያስፋፉት ይህ አስተሳሰብ፣ ለብዙዎች የሚበልጥ ጥቅም ያስገኘውን ድርጊት ትክክለኛ ይለዋል። የክትባት ዘመቻና የበጀት ድልድል በአብዛኛው በዚህ ሚዛን ይታቀዳሉ። ድካሙ ግን ለብዙዎች ደኅንነት ሲባል የአንዲቱን ሴት መብት ቀላል አድርጎ ለማየት የሚያጋልጥ መሆኑ ነው።

ሁለተኛው በግዴታ ላይ የተመሠረተ ነው። ካንት እንዳስተማረው ሰው ለሌላው ዓላማ መሣሪያ ብቻ ሊደረግ አይገባውም፤ በራሱም ክቡር ነው። እውነት መናገር፣ ቃል መጠበቅ፣ ምስጢር መያዝ ከውጤታቸው በፊት ግዴታዎች ናቸው። ድካሙም ሁለት ግዴታዎች በተጋጩ ጊዜ የቱ እንደሚቀድም ለመወሰን ማስቸገሩ ነው።

ሦስተኛው ከአሪስጣጣሊስ የመጣ ሲሆን፣ ስለ ድርጊቱ ከመጠየቁ በፊት ስለ አድራጊው ጠባይ ይጠይቃል። አስተዋይ፣ ታማኝና ርኅሩኅ የሆነ ባለሙያ በዚህ ቦታ ምን ያደርግ ነበር? ይላል። ጠባይ በልምምድ የሚገነባ ነውና፣ ይህ ሐሳብ ለመምህራን የቀረበ ነው።

አራተኛው የተንከባካቢነት ሥነ ምግባር የሚባለው ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1982 ካሮል ጊሊጋን፣ በ1984 ደግሞ የሂሳብ መምህር የነበሩት ኔል ኖዲንግስ በመጽሐፎቻቸው አብራርተውታል። በዚህ አመለካከት የሥነ ምግባር መነሻው በሁለት ሰዎች መካከል ያለው ግንኙነት ነው፤ ተንከባካቢው የሌላውን ችግር በጥሞና ማዳመጥ ይጠበቅበታል።

፬. መርሆዎቹ በሥራ ላይ

ሀ. በራስ የመወሰን መብት። አንድ ሰው ስለ ሕክምናው እንዲወስን በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው፣ ሊረዳና ያለ ግፊት ሊስማማ ይገባል። ይህ ከውጭ የመጣ ሐሳብ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባውም። በሲዳማ ሕዝብ ዘንድ “አፊኒ” የሚባል የቆየ የምክክር ሥርዓት አለ። ቃሉ “ሰምታችኋልን?” እንደማለት ሲሆን፣ አንድ ጉዳይ ከመወሰኑ በፊት የሚመለከታቸው ሁሉ መስማታቸውንና መረዳታቸውን ያረጋግጣል። ከማስፈረም በፊት መስማቱን ማረጋገጥ የስምምነት ሁሉ መሠረት ነው።

ለዚህ ከወላይታ የተገኘ ጥሩ ማስረጃ አለ። በባዶ እግር ቀይ ሸክላማ አፈር ለረጅም ጊዜ መርገጥ የሚያመጣው፣ ፖዶኮኒዮሲስ የተባለው የዝሆኔ በሽታ በዚያ ይገኛል። ተመራማሪዎች በሽታው በአንዳንድ ቤተሰቦች ላይ የሚበረታበትን የዘር ምክንያት ለማጥናት ሲነሡ፣ አስቀድመው ከኅብረተሰቡ ጋር ተወያዩ፤ የውይይቱም ውጤት እ.ኤ.አ. በ2009 ታተመ። ከተገለጹት ስጋቶች አንዱ፣ በሽታው በዘር ይተላለፋል ተብሎ ቢወራ በቤተሰቦቹ ላይ ያለው መገለል ይብሳል የሚል ነበር። ስለዚህ የፈቃድ መጠየቂያው ሥርዓት ለአካባቢው እንዲስማማ ሆኖ ተዘጋጀ። ምርምሩም ቀጥሎ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ታትሟል። ሕዝብን አስቀድሞ መስማት ሥራን እንደማያሰናክል ይህ ያሳያል።

ለ. ጉዳት አለማድረስና መልካም ማድረግ። ጉዳት በመርፌና በመድኃኒት ብቻ አይደርስም፤ በቃልም ይደርሳል። “በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም” የሚለው የአበው ምሳሌ ብዙ ጊዜ ሕሙማንን ለመምከር ይጠቀሳል። ይሁን እንጂ ምሳሌው በሰሚውም ላይ ግዴታ ይጥላል፤ የሰማው ሰው ምስጢሩን የማይጠብቅ ከሆነ በሽታውን የሚገልጥ አይኖርምና። በመሆኑም ምስጢር ጠባቂነት ለአንዲት ሕመምተኛ የሚደረግ ቸርነት ብቻ ሳይሆን፣ የሕዝብ ጤና ራሱ የሚቆምበት ምሰሶ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 399 የሙያ ምስጢርን ማውጣት ያስቀጣል።

ሐ. ፍትሕ። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄዱ ማኅበራዊ አገልግሎቶች ዜጎች በእኩልነት የመጠቀም መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ይህ መርሆ በማኅበራዊ ድጋፍ ሥራ ላይ ይፈተናል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተጀመረው የከተሞች ሴፍቲኔት ሐዋሳን ጨምሮ በ11 ከተሞች ሥራውን ሲጀምር፣ ከብዙ ችግረኞች መካከል ይበልጥ የተቸገሩትን መለየት ግድ ነበር። እንዲህ ባለው ምርጫ ስሞችን ለሕዝብ ግልጽ ማድረግ አድልዎን ይከላከላል፤ በአንጻሩ የድኻውን ድህነት በአደባባይ ያሰፍራል። መፍትሔው ስምን ለይቶ ምክንያትን መጠበቅ ነው። መመረጡ ሊታወቅ ይችላል፤ በሽታው፣ የቤቱ ጠብ፣ የልጁ አባት አለመታወቅ ግን ከመዝገብ ሊወጣ አይገባውም።

፭. የምሳሌው አፈታት

እንግዲህ ወደ ታቦር ምሳሌ እንመለስ። ውጤትን ብቻ የሚመዝን ሰው ሰፈሩ ሁሉ እንዲጠነቀቅ ይነገር ሊል ይችላል። ግዴታን ብቻ የሚመለከት ደግሞ ለማንም ምንም አይነገር ይላል። ሁለቱም እውነትነት አላቸው፤ ሁለቱም ብቻቸውን አይበቁም። ስለዚህ ባለሙያዋ በሚከተለው ቅደም ተከተል ብታስብ ይበጃል።

በመጀመሪያ እውነታውን ትመርምር። የሳንባ ነቀርሳ በተገቢው መድኃኒት ሲታከም የመተላለፍ ኃይሉ በፍጥነት ይቀንሳል፤ የተለመደው ሕክምና ለ6 ወራት ሳይቋረጥ ይወሰዳል። የተጋለጡት በተለይ በአንድ ክፍል አብረዋት የሚያድሩት ጓደኞቿ ናቸው፤ አከራይዋና ሕፃናቱ ምን ያህል ተጋልጠዋል የሚለውም በግምት ሳይሆን በጥያቄ መጣራት አለበት።

ሁለተኛ፣ ማን ምን ማወቅ እንደሚያስፈልገው ትለይ። ጓደኞቿ መመርመር አለባቸው፤ ስለዚህ ልጅቷ ራሷ እንድትነግራቸው፣ ወይም በባለሙያዋ ፊት አብረው እንዲነጋገሩ ማግባባት ይገባል። በብዙ ጊዜ ፍርሃቱ የሚመጣው ከበሽታው ሳይሆን ብቻን ከመቅረት ነውና፣ አብሮ መቀመጡ ብቻ ፈቃዷን ሊያስገኝ ይችላል። እምቢታዋ የጸና እንደሆነ፣ ሌሎችን ከግልጽ አደጋ ለመጠበቅ በሕግና በጤና መመሪያ የተፈቀደውን ያህል ብቻ፣ ኃላፊዎቿን አማክራ፣ ለልጅቷም አስቀድማ አስታውቃ ትፈጽማለች። ከጀርባ የሚደረግ ነገር አይኖርም።

ሦስተኛ፣ ለአከራይዋ የምትሰጠው መልስ ሐሰት ሊሆን አይገባውም፤ ምስጢርም ሊያወጣ አይገባውም። “እናቴ፣ የአንዱን ቤት ነገር ለሌላው አልናገርም፤ የእርስዎንም ነገር ለማንም አልናገርም። ስለ ሕፃናቱ ካሰቡ ግን ዛሬውኑ አያቸዋለሁ” ብትል እውነት ተናግራለች፣ ምስጢር ጠብቃለች፣ ሕፃናቱንም አልተወችም። ሕፃናቱ ተጋልጠው ከተገኙም የሚገባቸው ምርመራ የልጅቷ ስም ሳይጠራ ሊከናወን ይችላል።

በዚህ አፈታት አራቱም ንድፈ ሐሳቦች ድርሻ አላቸው። ውጤቱ የተጋለጡትን ለመለየት፣ ግዴታው ምስጢርንና እውነትን ለመጠበቅ፣ ጠባዩ ቃሉን በጊዜው ለማግኘት፣ ተንከባካቢነቱ የልጅቷን ፍርሃት ለመስማት ረድተዋል።

፮. ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች

የማኅበራዊ አገልግሎት ትምህርት በአገራችን ታሪኩ የተቆራረጠ ነው። በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1959 የተቋቋመው የማኅበራዊ አገልግሎት ትምህርት ቤት በ1974 ተዘግቶ፣ በድኅረ ምረቃ ደረጃ እንደገና የተከፈተው በ2004 ነው። በእነዚህ ሠላሳ ዓመታት ሥራው አልቆመም፤ በቀበሌ፣ በዕድር፣ በትምህርት ቤትና በቤተ እምነት ሲሠራ ኖሯል። የተቋረጠው ሠሪዎቹን በሙያ ሥነ ምግባር የሚያሠለጥን ተቋም ነው። ስለዚህ ዛሬ ሥልጠና ሲታቀድ ከግምት ሊገቡ የሚገባቸው ነጥቦች አሉ።

አንደኛ፣ አራቱን መርሆዎች በቃል ማስያዝና በፈተና መጠየቅ ብቻ በቂ አይደለም። ሠልጣኞች ከላይ እንደተመለከተው ያሉ ጉዳዮችን እየተከራከሩ፣ አንዱ እንደ አከራይ፣ ሌላው እንደ ሕመምተኛ ሆኖ እየተናገረ ሊለማመዱ ይገባል። የሚነገረው ቃል አስቀድሞ ካልተለማመደ በችግር ሰዓት አይገኝም።

ሁለተኛ፣ ለምስጢር ቦታና ዕቃ ያስፈልገዋል። ሁለት ሰዎች በግል የሚነጋገሩበት ክፍል የሌለው የጤና ጣቢያ፣ ቁልፍ የሌለው የመዝገብ ሣጥን፣ ምስጢርን ጠብቁ የሚለውን መመሪያ ባዶ ያደርጉታል። ዕቅድ አውጪው በሕንጻ ንድፍና በበጀት ላይ የሚወስነው ውሳኔ የሥነ ምግባር ውሳኔ መሆኑን ሊገነዘብ ይገባል።

ሦስተኛ፣ መምህሩም በዚህ ጉዳይ ውስጥ አለ። ተማሪው በየቀኑ በተወሰነ ሰዓት መድኃኒት እንደሚወስድ የሚያስተውለው፣ የምሳ ዕቃው ባዶ መሆኑን የሚያየው መምህሩ ነው። ያየውን ለሚረዳ ባለሙያ ማድረስ መልካም ነው፤ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ማውራት ግን ጉዳት ነው። “ከአፍ የወጣ አፋፍ” እንደሚባለው፣ የተማሪው ስም ከበሽታ ጋር አንድ ጊዜ ከተጠራ የሚመልሰው የለም።

፯. ማጠቃለያ

የሥነ ምግባር ንድፈ ሐሳቦች በታላላቅ አገሮች ሸንጎዎችና ዩኒቨርሲቲዎች ቢጻፉም፣ የሚፈተኑት በታቦር ባለ አንድ በር ጠባብ ክፍል፣ በአንዲት ባለሙያና በአንዲት ወጣት ሠራተኛ መካከል ነው። ልጅቷ መድኃኒቷን ለስድስት ወራት ሳታቋርጥ እንድትወስድ የሚያደርጋት የመድኃኒቱ መኖር ብቻ አይደለም፤ ለሰጠቻት ሰው የነገረችው ነገር ከዚያ ቤት እንደማይወጣ ማመኗም ነው። ይህ እምነት ከጠፋ የሚቀጥለው ሕመምተኛ ሳሉን ደብቆ ይቀመጣል፤ ጉዳቱም ለሰፈሩ ሁሉ ይተርፋል። እምነቱን የሚጠብቁ ባለሙያዎችን ማፍራት የመምህራን፣ እንዲጠብቁት የሚያስችላቸውን ሁኔታ ማመቻቸት ደግሞ የዕቅድ አውጪዎች ኃላፊነት ነው።