ፍሪጁ ታሞ ነው ወይስ ቤቱ ቀዝቅዞ?



በዚህ ወር ጽሑፋችን ወደ ማዕድ ቤት ይዘናችሁ እንገባለን። ጉዳዩ የፍሪጅ ጉዳይ ነው። «ፍሪጅ ደግሞ ምን የሚጻፍበት ነገር አለው?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። እኛም የዓረፋ ሥጋችንን ፍሪዘር ውስጥ ደሙን ሲያንጠባጥብ እስክናገኘው ድረስ እንዲሁ እንል ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እህታችን ከባሕር ዳር ወደ እንጅባራ የተዛወረችው በ2017 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ነው። ዕቃዋ በአይሱዙ ተጭኖ መርዓዊን፣ ዱርቤቴንና ዳንግላን አልፎ ሲገባ ፍሪጁም አብሮ ገባ። ከላይ ፍሪዘር፣ ከታች ማቀዝቀዣ ያለው፣ በብዙዎቻችን ቤት የሚገኘው ባለ ሁለት በር ዓይነት ነው። ባሕር ዳር ሳለ አራት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አላስቸገረም። በአዲሱ መኖሪያ ዋናው ቤት ስለጠበበ ከጓሮ ባለችው የቆርቆሮ ማዕድ ቤት ውስጥ ቆመ። በዚያ ዓመት ዓረፋ ግንቦት 29 ቀን ዋለ። ኡድሒያው ታርዶ ለዘመድ፣ ለጎረቤትና ለችግረኛ የሚገባው ከወጣ በኋላ ለቤት የቀረው በየላስቲኩ ተቋጥሮ ፍሪዘር ገባ። ልጆቹ ከዩኒቨርሲቲ ለክረምት ዕረፍት ሲመጡ እንዲደርስላቸው ታስቦ ነበር።

ሰኔ ገባ። እንጅባራን የሚያውቅ ሰኔዋን ያውቃል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ናት። ዝናቡ አንዴ ከያዘ የታጠበ ልብስ ለመድረቅ ቀናት ይፈጅበታል፤ ሰውም ጋቢውን ደርቦ እሳት ዳር ይሰበሰባል። እንዲህ ባለ ብርድ ፍሪጅ ማቀዝቀዝ ያቅተዋል ብሎ የሚጠረጥር ማን ነው? እህታችን አንድ ማለዳ ለወጥ የሚሆን ሥጋ ልታወጣ ፍሪዘሩን ብትከፍት ላስቲኩ ሁሉ ለስልሷል፤ ከሥሩም ደም ያቀዘዘ ውኃ ተኝቷል። የታችኛውን በር ስትከፍት ግን ወተቱ እንደ ወትሮው ቀዝቃዛ ነው፤ አትክልቱም ደህና ነው። መብራትም በዚያ ሰሞን ይህን ያህል አልሄደም።

ሠራተኛ ተጠራ። ገና ከበሩ ላይ ሆኖ «ጋዙ አልቋል» አለ። ጋዝ ተሞላ፤ ገንዘብም ተከፈለ። በሳምንቱ ሥጋው እንደገና ለሰለሰ። ሁለተኛ ጊዜ ጋዝ ከመሙላት ይልቅ አንድ ዘመድ ዳንግላ ጥሩ ባለሙያ አለ ስላሉ ፍሪጁ ተጭኖ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ተመለሰ። በባለሙያው ሱቅ ሦስት ቀን ሙሉ ተሰክቶ ቆየ። በሦስተኛው ቀን ስልክ ደወለ።

«እትዬ፣ ይኼ ፍሪጅ ጤነኛ ነው። ያስቀመጥኩበት ውኃ ድንጋይ ሆኗል።»

«ታዲያ እኔ ቤት ሲመጣ ምን ይነካዋል፣ ወንድሜ?»

«የት ነው የሚቆመው?»

«ከጓሮ፣ ማዕድ ቤት።»

«እሳት ይነድበታል?»

«ኧረ አይነድበትም። ምድጃዬን ወደ ውስጥ ካስገባሁ ቆየሁ።»

«እንግዲያው ብርድ ነው የያዘው» ብሎ ሳቀ። እህታችን ተቀለደባት መስሏት ተቀየመች። ሰውየው ግን እውነቱን ነበር፤ እኛም በኋላ ስናጣራ ይህንኑ አረጋገጥን።

ፍሪጅ ብርድ አይሠራም፤ ከውስጡ ያለውን ሙቀት ለቅሞ ከኋላው ባለው ጥቁር ፍርግርግ በኩል ወደ ውጭ የሚጥል መሣሪያ ነው። ይህን የሚሠራው ሞተሩ፣ ማለትም ኮምፕሬሰሩ ሲዞር ብቻ ነው። እንደ እህታችን ባሉት ብዙ ባለ ሁለት በር ፍሪጆች ላይ ሞተሩን «ተነሣ»፣ «ተኛ» የሚለው ቴርሞስታት የሚገኘው ከታች፣ ወተትና አትክልት በሚቀመጥበት ክፍል ነው። ፍሪዘሩ የራሱ አዛዥ የለውም፤ ታች ያለው ሞተሩን ሲያስነሣለት ብቻ ይቀዘቅዛል። አሁን ማዕድ ቤቱን አስቡት። እኛ የሰቀልነው ቴርሞሜትር ሌሊቱን ወደ 9 ዲግሪ ወርዶ ቀትር ላይ እንኳ 13 አልሞላም። ከታች ያለው ቴርሞስታት ዙሪያው ሁሉ ቀዝቃዛ ሲሆንበት «እዚህ በቂ ነው» ይልና ሞተሩን ያስተኛዋል። ሞተሩ ለረዥም ሰዓት ዝም ሲል፣ 18 ዲግሪ ከዜሮ በታች መሆን የሚገባው ፍሪዘር ቀስ በቀስ እየሞቀ ይመጣል። ይባስ ብሎ እህታችን «ብርድ ነው፣ ቆጣሪ ለምን ይቁጠር» ብላ ማዞሪያውን ከመጨረሻው ዝቅተኛ ቁጥር 1 ላይ አድርጋው ነበር። ባሕር ዳር ሞቃት ስለሆነች ይህ ችግር አልታየም። ዳንግላም 2,100 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች በመሆኗ ከእንጅባራ ትሞቃለች፤ ሱቁም ሰው የማይለየው ነበር። ፍሪጁ በባለሙያው ሱቅ ድኖ ቤት ሲመለስ የሚታመመው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ አደጋ ነበረ፤ እኛን ከሥጋው ይልቅ ያስደነገጠን እሱ ነው። ነገሩን የሰማ ሁሉ «ማዞሪያውን እስከ መጨረሻው አዙሩት» ይላል። ለፍሪዘሩ ይጠቅመው ይሆናል። ነገር ግን በታችኛው ክፍል፣ ከበስተኋላ፣ የጎረቤት ልጅ የስኳር መድኃኒት ተቀምጧል። እነሱ ፍሪጅ ስለሌላቸው እህታችን ናት የምታስቀምጥላት። ያልተከፈተ ኢንሱሊን የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ነው። አንዴ በረዶ ከሆነ ቢቀልጥም ሥራውን ይስታልና መጣል አለበት፤ በዓይን አይቶ መለየትም ሁልጊዜ አይቻልም። ማዞሪያው እስከ መጨረሻው ቢዞር በመጀመሪያ በረዶ የሚሆነው ከኋላ ግድግዳ የተጠጋው ዕቃ ነው። ሥጋውን እናድን ብለን ልጅቱን ልንጎዳት ነበር። መድኃኒት የምታስቀምጡ ሁሉ ከመካከለኛው መደርደሪያ፣ ከኋላ ግድግዳው ራቅ አድርጉት፤ ትንሽ ቴርሞሜትርም ከጎኑ አኑሩ። ፍሪዘር ውስጥስ ፈጽሞ አይገባም።

መፍትሔው ርካሽ ሆኖ ተገኘ። ፍሪጁ ከማዕድ ቤቱ ወጥቶ ሰው ወደሚኖርበት ቤት ገባ፤ ማዞሪያውም ከ1 ወደ 3 ተነሣ። በማግሥቱ ፍሪዘሩ ድንጋይ ሆነ። ለጋዝ የተከፈለው ገንዘብ ግን በከንቱ ቀረ።

ስለ ጋዝ አንድ ነገር እንበል፤ በዚህ ስም የሚባክነው ገንዘብ ብዙ ነውና። የፍሪጅ ጋዝ እንደ መኪና ነዳጅ እየተቃጠለ አያልቅም። በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ የሚሽከረከር ነው። ጎድሎ ከተገኘ የሆነ ቦታ ያፈሳል ማለት ነው፤ ቀዳዳው ሳይፈለግና ሳይደፈን መሙላት በተቀደደ ጀሪካን ውኃ እንደመቅዳት ነው። ስለዚህ «ጋዝ አልቋል» ሲባሉ «የት ነው የሚያፈሰው?» ብለው ይጠይቁ። የጋዝ ጉድለት ምልክቱ ከእህታችን ፍሪጅ ጋር ተቃራኒ ነው፤ ሞተሩ ያለ ዕረፍት ይዞራል፣ ፍርግርጉ እንደሚገባው አይሞቅም፣ ቅዝቃዜው በሁለቱም ክፍል ይደክማል። ደግሞም በዘመኑ ብዙ ፍሪጆች ውስጥ ያለው ጋዝ አር 600 ኤ የሚባለው፣ እሳት የሚይዝ ዓይነት ነው። ስሙ በሞተሩ ወይም ከኋላ ባለው ጽሑፍ ላይ ይገኛል። እንዲህ ያለው ፍሪጅ በር በተዘጋ ክፍል ውስጥ በእሳት ሊበየድ አይገባም።

ስለዚህ ሠራተኛ ከመጥራት በፊት የትኛው ክፍል እንደደከመ ይዩ። ታቹ ደህና ሆኖ ፍሪዘሩ ከለሰለሰና ሞተሩ አብዛኛውን ሰዓት ዝም ካለ፣ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው የቤቱ ብርድ ነው። ፍሪዘሩ ደህና ሆኖ ታቹ ከሞቀ ደግሞ፣ በተለይ በረዶ አይሠሩም በሚባሉት ፍሪጆች፣ አየር የሚያልፍበትን መንገድ በረዶ ዘግቶት ወይም ማራገቢያው ቆሞ ይሆናል። ፍሪጁን ነቅሎ፣ በሩን ከፍቶ አንድ ቀን ማሳደር ብዙ ጊዜ ያስተነፍሰዋል፤ በሳምንት ውስጥ ከተመለሰ ግን የባለሙያ ሥራ ነው። ሁለቱም ከሞቁና ሞተሩ ካልተኛ፣ ከጋዙ በፊት የበሩን ጎማ ይፈትሹ። አንድ ወረቀት በበሩ መካከል ዘግተው ሲስቡት ያለምንም ማንገራገር ከወጣ ጎማው ይዞልዎ አይደለም። ከኋላ ያለውን ፍርግርግም ነቅለው በብሩሽ አቧራውን ያራግፉለት፤ ከግድግዳውም አንድ ስንዝር ያህል ያርቁት። ሞተሩ ሊነሣ ሞክሮ «ጠቅ» ብሎ ከቀረ ብዙ ጊዜ የመብራቱ ኃይል ማነስ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣም ወዲያው አይሰኩ፤ ቢያንስ አምስት ደቂቃ ይታገሡት።

በረዶን በቢላዋ መቆርቆር የሚባል ነገር ደግሞ አለ። ስንቱ ደህና ፍሪጅ በዚህ ሞቷል! ከበረዶው ሥር ያለችው ቧንቧ ስስ ናት፤ አንዴ ከተበሳች ጋዙ «ፉት» ብሎ ይወጣል። ይንቀሉት፣ በሩን ይክፈቱት፣ የፈላ ውኃ በድስት ከውስጥ ያስቀምጡለት፤ ራሱ ይለቃል። በመኪና አጋድመው ያመጡትንም ፍሪጅ ዘይቱ ወደ ሞተሩ እስኪመለስ አቁመው ያሳድሩት እንጂ እንደወረደ አይሰኩት።

ወደ ሥጋው እንመለስ። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን የኡድሒያን ሥጋ ከሦስት ቀን በላይ ማቆየት በአንድ የችግር ዓመት ተከልክሎ፣ በኋላ መብላቱም መመጽወቱም ማስቀመጡም እንደተፈቀደ በሐዲስ ተዘግቧል። ማስቀመጡ ከተፈቀደልን አቀማመጡን ማወቅ የኛ ፈንታ ነው። ፍሪዘር ሲከፈት ሥጋው ለስልሶም ከውስጡ የበረዶ ቅንጣት ካለበት ተመልሶ በረዶ ቢሆን ጉዳት የለውም። ቅንጣቱ ጠፍቶ ገና እንደ ፍሪጅ ቀዝቃዛ ከሆነ በዚያው ቀን ይቀቀል። ሞቆ ከሁለት ሰዓት በላይ የቆየ ከሆነ፣ ወይም ስንት ጊዜ እንደቆየ ካልታወቀ፣ ለሰውም አይሰጥም፤ ሽታው ደህና መሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም። እህታችን ከመጀመሪያው ዙር ግማሹን ጣለች። ከቀረው ላይ በረዶ ያልለቀቀውን ዘልዝላ፣ ጨውና በርበሬ ነስንሳ ከእሳቱ በላይ ሰቅላ ቋንጣ አደረገችው። እናቶቻችን ያለ ኤሌክትሪክ የሚያውቁት ዘዴ ነው፤ ልጆቹም ሲመጡ የበሉት ያንኑ ቋንጣ ነው።

አዲስ ፍሪጅ ለመግዛት ያሰባችሁ ደግሞ፣ በተለይ እንደ እንጅባራ ባለ ደጋ የምትኖሩ፣ ቀለሙንና ሊትሩን ብቻ አትዩ። በውስጥ ግድግዳው ወይም ከኋላው በተለጠፈው ጽሑፍ ላይ የአየር ጠባይ ክፍሉን የሚያመለክት የላቲን ፊደል አለ። «ቲ» ብቻ የተጻፈበት ከ16 እስከ 43 ዲግሪ ለሆነ ክፍል የተሠራ፣ ለቆላ የሚሆን ነው። «ኤን» ከ16 እስከ 32 ነው። «ኤስ ኤን» የሚለው ግን ከ10 ዲግሪ ጀምሮ ይሠራል። ሁለት ፊደላት በሰረዝ ተያይዘው ከተጻፉ ከመጀመሪያው ዝቅተኛ እስከ ሁለተኛው ከፍተኛ ማለት ነው። የእህታችንን ስናየው «ቲ» ነበር። ለሥጋ ብቻ የሚፈለግ ከሆነ፣ ቴርሞስታቱ እዚያው ውስጡ ያለ ባለ ክዳን ፍሪዘር ይህን ችግር አያውቀውም።

አሁን ፍሪጁ ሳሎን ውስጥ ከሶፋው አጠገብ ቆሟል። ልጆቹ ሞተሩ ሲነሣ ቴሌቪዥኑ አይሰማም እያሉ ያማርራሉ። እህታችን ግን የዳንግላው ባለሙያ እንዳስተማራት ፍሪዘሩ ውስጥ በኩባያ በረዶ ሠርታ በላዩ የአንድ ብር ሳንቲም አስቀምጣለች። እሷ በሌለችበት ወይም ሌሊት በረዶው ቢቀልጥ ሳንቲሙ ወደ ታች ይሰምጣልና በማግሥቱ ታውቀዋለች። ይህን እስከጻፍንበት ቀን ድረስ ሳንቲሙ ከአናቱ አልወረደም።