መልቀቂያ የማይገባበት ሥራ

ኸርበርት ፍሮይደንበርገር በ1970ዎቹ መጀመሪያ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ኒው ዮርክ ውስጥ የሚሠሩ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነበሩ። ቀን በራሳቸው ቢሮ ከፍሎ የሚታከመውን ሲያዩ ይውላሉ፤ ማታ ደግሞ በአደንዛዥ ዕፅ የተጠመዱና መክፈል የማይችሉ ወጣቶች ወደሚመጡበት ነጻ ክሊኒክ ሄደው ሌሊቱ እስኪገፋ ያገለግላሉ። ሴት ልጃቸው ከዓመታት በኋላ እንዳወራችው፣ ቤተሰቡ ለእረፍት ሊጓዝ በነበረበት ቀን አባትየው ከአልጋ መነሳት አቃታቸው። ጉዞው ቀረ። ሲያገግሙ ስለ ራሳቸው ተናግረው ድምፃቸውን ቀረጹ፤ መልሰው ሲያዳምጡት የሰሙት ድካምና ንዴት ነበር። በ1974 ይህንኑ ሁኔታ በጥናታዊ ጽሑፍ ገለጹት። ዛሬ ዓለም «በርንአውት» የሚለው፣ እኛ እዚህ ዝለት የምንለው ነገር ወደ ሳይንሱ መዝገብ የገባው በዚህ መልክ ነው።

የቀረው ጉዞ የቤተሰብ ጉዞ ነበር። ተከትለው የመጡት ተመራማሪዎች ግን ቢሮውን እንጂ ቤቱን አላዩም። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ ያስተምሩ የነበሩት ክሪስቲና ማስላክ ከሱዛን ጃክሰን ጋር በ1981 የሥራ ዝለትን የሚለካ መጠይቅ አወጡ። መጠይቁ የተሰናዳው ሰውን በማገልገል ለሚተዳደሩ እንደ ነርስና መምህር ላሉ ሠራተኞች ነበር። ደመወዝ የማይከፈልበት፣ ሌሊት የማይዘጋ፣ የዓመት ፈቃድ የሌለው ሥራ፣ ወላጅነት፣ ግን ማንንም ትዝ አላለውም። በ1983 ጆሴፍ ፕሮካቺኒና ማርክ ኪፋበር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ስለ ወላጆች ዝለት መጽሐፍ ቢያወጡም የጥናቱ ዓለም ለረጅም ጊዜ ጆሮ አልሰጣቸውም።

ፍንጩ የተገኘው ስዊድን ውስጥ፣ በታመሙ ልጆች ወላጆች በኩል ነው። ተመራማሪዋ አኒካ ሊንዳል ኖርበርግ በ2007 ከአንጎል ዕጢ የተረፉ ልጆችን እናቶችና አባቶች አጠኑ። ሕክምናው አልቋል፣ ልጁ ድኗል፤ በተለይ እናቶቹ ግን አልቀዋል። በ2010 እሳቸውና ባልደረቦቻቸው ልጆቻቸው የስኳር ወይም ሥር የሰደደ የአንጀት ሕመም ያለባቸውን ወላጆች ሲመረምሩ 36 በመቶው በከባድ ዝለት ውስጥ ሆነው ተገኙ። ይህ ብዙም አያስደንቅም፤ ሌሊት ተነስቶ የልጁን ስኳር የሚለካ ወላጅ ቢዝል ማን ይፈርድበታል? ቆም ብሎ የሚያስተውል ሰው ግን እዚያው ጥናት ውስጥ ሌላ ቁጥር ያያል። ለማነጻጸሪያ የተመረጡት፣ ልጆቻቸው ጤነኛ የሆኑት ወላጆችም 20 በመቶው ዝለው ነበር። ከአምስት አንድ ማለት ነው።

ታዲያ እነዚህ ምን ሆነው ነው?

ይህን ጥያቄ የሙጥኝ ያሉት ቤልጅየም ውስጥ በሉቨን ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች፣ ኢዛቤል ሮስካምና ሞይራ ሚኮላይቻክ ናቸው። በ2017 የመጀመሪያ ሥራቸውን ሲያወጡ የማስላክን የሥራ ዝለት መጠይቅ ተውሰው ለወላጅ እንዲስማማ አሻሽለውት ነበር። ልብሱ ግን ለሌላ ሰው የተሰፋ ነው። ስለዚህ በ2018 ተውሶውን ትተው ከራሳቸው ከዛሉት ወላጆች አንደበት ተነሱ፤ የተናገሩትን ቃል በቃል እያዩ ባለ 23 ጥያቄ አዲስ መለኪያ አዘጋጁ።

ከዚያ አራት ነገር ወጣ። አንደኛው ድካም ነው፤ እንቅልፍ የማይፈታው፣ ገና ጠዋት ዓይን ሲገለጥ የልጆቹን ቀን ማሰብ ብቻውን የሚያዝል። ሁለተኛው መንገሽገሽ ነው። ሦስተኛው ከልጆቹ በስሜት መራቅ፦ ምግቡ ይቀርባል፣ ገላው ይታጠባል፣ ትምህርት ቤት ይደረሳል፤ ከዚያ ያለፈ ግን ከውስጥ የሚወጣ ነገር የለም። አራተኛውን የሥራው መጠይቅ ጭራሽ አላሰበውም። ወላጆቹ ደጋግመው «እንዲህ አልነበርኩም» ይሉ ነበር። የዛለ ወላጅ ድሮ የነበረውን አባት ወይም የነበረችውን እናት ያስታውሳል፣ ከዛሬው ጋር ያስተያያል፣ ያፍራል። በእኔ ግምት ከአራቱ ሁሉ ይኸኛው ነው ክፉው፤ ሰው ችግሩን ለጎረቤቱ ቀርቶ ለትዳር ጓደኛው እንኳ እንዳይናገር አፉን የሚይዘው እሱ ነውና።

ቀጥሎ ማን እንደሚዝል ፈለጉ። ሰው ቶሎ የሚገምታቸው ነገሮች፣ የልጆች ብዛት፣ ገቢ፣ የትምህርት ደረጃ፣ ያላቸው ድርሻ ትንሽ ሆኖ ተገኘ። ከእነሱ ይልቅ የከበደው እንከን የለሽ ወላጅ ለመሆን መጣር፣ ባልና ሚስት በልጅ አስተዳደግ አለመስማማት፣ ቤቱ ሥርዓት ማጣቱ ነበር። ሚኮላይቻክና ሮስካም ነገሩን በሚዛን ይገልጹታል፦ በአንዱ ወገን ጭነቱ፣ በሌላው ወገን አቅሙና አጋዡ። ጭነቱ ለረጅም ጊዜ ካደላ፣ ልጁ አንድም ይሁን ስድስት፣ ወላጁ ይዝላል።

የሚያስከትለው ነገር ያስፈራል። ሥራ ያንገሸገሸው ሰው መልቀቂያ ያስገባል፣ ቢያንስ ሐኪም ፈቃድ ይጽፍለታል። ከእናትነት ግን የት ይለቀቃል? የሁለቱ ተመራማሪዎች ጥናቶች የወላጅነት ዝለት ጥሎ ለመጥፋትና ራስን ለማጥፋት ከማሰብ፣ ልጅን ችላ ከማለትና ከመምታት ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳይተዋል። ጨካኝ ሆነው የተፈጠሩ ሰዎች እንዳይመስሏችሁ። አብዛኞቹ ጥሩ ወላጅ ለመሆን ከአቅማቸው በላይ የለፉ ናቸው።

በዚህ መሀል ተጠራጣሪ ሰው «ሁሉም ወላጅ ይማረራል፣ ይህ የዘመኑ ቅብጠት ነው» ሊል ይችላል። በ2020 መልሱ ከፀጉር መጣ። ሰውነት ሲጨነቅ የሚያመነጨው ኮርቲሶል የተባለ ሆርሞን በሚያድገው ፀጉር ውስጥ ይቀመጣል፤ ፀጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሚያድግ ከሥሩ የተቆረጠ ሦስት ሴንቲ ሜትር የሦስት ወር መዝገብ ነው። ማሪያ ኤሌና ብሪያንዳ የተባሉ ተመራማሪ ከሮስካምና ከሚኮላይቻክ ጋር የዛሉና ያልዛሉ ወላጆችን ፀጉር አስመረመሩ። የዛሉት ወላጆች ኮርቲሶል የሌሎቹን እጥፍ ያህል ነበር። መጠይቅ ላይ ማጋነን ይቻላል፤ ፀጉር ግን አያጋንንም።

እዚያው ዓመት በታተመ ሌላ ጥናት ቡድኑ የዛሉ ወላጆችን በጋራ እንዲታከሙ ሰብስቦ ነበር። ለአንደኛው ወገን ባለሙያው ጭነትና አቅምን ማመጣጠኛ ዘዴ እየመራ ያስተምራል። ለሌላው ወገን ትምህርትም ምክርም የለም፤ ወላጆቹ ይናገራሉ፣ ሳይፈረድባቸው ይደመጣሉ። በሁለቱም ዝለቱ ቀነሰ፣ የፀጉሩ ኮርቲሶል ወረደ፣ ችላ ማለቱና ዱላውም ቀነሱ። ምክር መስጠት ለምንወድ ለእኛ ይህ ትንሽ የሚቆረቁር ውጤት ነው።

ትልቁ ጥያቄ ግን ቤልጅየም ውስጥ ሊመለስ አይችልም ነበር። ሁለቱ ሴቶች ከየአገሩ ተመራማሪዎችን አስተባብረው በ42 አገሮች 17,409 ወላጆችን አስጠየቁ፤ ውጤቱ በ2021 ታተመ። የድሃ አገር ወላጅ የበለጠ ይዝላል ብሎ የገመተ ተሳስቷል። ከፍተኛው ቁጥር ከታየባቸው መሀል ቤልጅየም፣ ፖላንድና አሜሪካ ይገኛሉ። በአገሮቹ መካከል ያለውን ልዩነት ከኢኮኖሚ አለመመጣጠንም፣ ከልጅ ብዛትም፣ ከልጅ ጋር ከሚያልፈው ሰዓትም በላይ ያብራራው ግለኝነት ነው፤ «እያንዳንዱ ለራሱ» የሚለው ባህል በጠነከረበት ዝለቱ በዛ።

እዚህ ላይ «ድሮም የእኛ ባህል...» ብለን ደረት ለመንፋት እንቸኩላለን። ነገር ግን በጥናቱ ከአፍሪካ ሩዋንዳ፣ ቡሩንዲ፣ ካሜሩን፣ ቶጎ፣ ግብፅና አልጄሪያ ተካተዋል፤ ኢትዮጵያ የለችበትም። ደግሞም «ልጆቼ አንገሸገሹኝ» ማለት ነውር በሆነበት አገር እናት ወረቀት ላይ ምን ምልክት እንደምታደርግ መገመት አያቅትም።

ቢሆንም ግኝቱ የሚነካን ቦታ አለ። አራስ ቤት ገንፎ ይዛ የምትገባ ጎረቤት፣ ሕፃኑን ተቀብላ እናቱን የምታስተኛ አክስት፣ በሚዛኑ ቋንቋ አጋዥ ናቸው። አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ወይም ሜሪላንድ የወለደች ልጅ እንድታርሳት እናቷን በጎብኚ ቪዛ ታስመጣለች፤ ቪዛው ሲያልቅ እናት ትመለሳለች፣ ሚዛኑም በአንድ ሌሊት ያዘነብላል። ልጅ የምትቀርበትም አገር ቀላል አይደለም፤ የአሜሪካ የጤና ኃላፊ የነበሩት ዶክተር ቪቬክ መርቲ በ2024 ባወጡት ማሳሰቢያ 48 በመቶ ወላጆች ጭንቀታቸው አብዛኛውን ቀን ፈጽሞ ከአቅም በላይ እንደሚሆንባቸው ተጠቅሷል፤ ከሌላው አዋቂ ይህን ያለው 26 በመቶ ነው። ከአዲስ አበባ መሀል ተነስታ ጎረቤቶቿ የተበተኑባት፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ በሯን ዘግታ ልጅ የምታሳድግ እናትም ባሕር ሳትሻገር እዚያው ደርሳለች።

ስለዚህ ደክሞኛል የሚል ወላጅ ሲያጋጥማችሁ «ልጅ እኮ ጸጋ ነው» አትበሉት፤ ያውቀዋል። ይናገር፣ ስሙት፤ ከቻላችሁም ቅዳሜ ከሰዓት ልጆቹን ተቀበሉት።