የማሰብ ችሎታ ዓይነቶችና የፈተና ውጤት

በአማርኛ «ብልህ»፣ «ብልጥ»፣ «አስተዋይ» እና «ጮሌ» የሚሉት ቃላት ተቀራራቢ ቢመስሉም አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ብልህ ሰው ይከበራል፤ ብልጥ ሰው ግን ይደነቃል እንጂ ሁልጊዜ አይታመንም። ቋንቋው ይህን ያህል ለይቶ ሲጠራ፣ በትምህርት ቤት ግን ተማሪ በአብዛኛው «ጎበዝ» ወይም «ሰነፍ» በሚሉ ሁለት ቃላት ብቻ ይመደባል። «ሰነፍ» የሚለው ቃል ደግሞ ጥረት የጎደለውንም ትምህርቱ የከበደውንም በአንድነት ስለሚጠራ የችግሩን ምንጭ ይሸፍናል።

የአእምሮ ችሎታን በፈተና መለካት የተጀመረው ለድጋፍ እንጂ ለምደባ አልነበረም። አልፍሬድ ቢኔ እና ቴዎዶር ሲሞን እ.ኤ.አ. በ1905 በፈረንሳይ ያዘጋጁት መለኪያ ዓላማው በመደበኛው ትምህርት ልዩ እገዛ የሚያስፈልጋቸውን ሕፃናት መለየት ነበር። ቢኔ የአንድ ልጅ ችሎታ የማይጨምር የተወሰነ መጠን ነው የሚለውን አመለካከት አጥብቀው ተቃውመዋል። ይሁንና መለኪያው ወደ አሜሪካ ተሻግሮ፣ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ሉዊስ ተርማን እ.ኤ.አ. በ1916 አሻሽለው ካሳተሙት በኋላ የሰውን ችሎታ በአንድ ቁጥር የመግለጽ ልማድ ተስፋፋ።

የማሰብ ችሎታ አንድ ነው ወይስ ብዙ? እንግሊዛዊው ቻርልስ ስፒርማን እ.ኤ.አ. በ1904 በአንድ ትምህርት ብልጫ ያላቸው ልጆች በሌሎቹም የተሻሉ የመሆን ዝንባሌ እንዳላቸው አሳይተው፣ ከሁሉም ሥር አንድ አጠቃላይ ችሎታ አለ ብለዋል። ዝንባሌው ከዚያ ወዲህ በብዙ ጥናቶች ታይቷል። የሃርቫርዱ ሃዋርድ ጋርድነር ግን እ.ኤ.አ. በ1983 ሰባት ችሎታዎችን ለይተው አቀረቡ፤ እነርሱም የቋንቋ፣ የሒሳብና የአመክንዮ፣ የቦታና የቅርፅ፣ የሙዚቃ፣ የአካል እንቅስቃሴ፣ ሌሎችን የመረዳት እና ራስን የማወቅ ችሎታዎች ናቸው። በኋላም ተፈጥሮን የማስተዋል ችሎታን ጨመሩ። ይህ ክፍፍል በመምህራን ዘንድ የተወደደውን ያህል በልኬት የተረጋገጠ አይደለም። ከዚህም በላይ አንድን ልጅ «የሙዚቃ ልጅ» ወይም «የእጅ ሥራ ልጅ» ብሎ ከሌላው ትምህርት ማራቅ አሮጌውን ምደባ በአዲስ ስም መድገም ነው። ጋርድነር ራሳቸውም ሐሳባቸው እያንዳንዱ ተማሪ በአንድ የመማር ስልት ብቻ ይማራል ከሚለው አስተሳሰብ ጋር እንዳይምታታ አሳስበዋል።

ከስያሜው ክርክር ይልቅ ለክፍል ውስጥ ሥራ የሚጠቅመው፣ ችሎታ እንደሚጠየቅበት ሁኔታ ሊገለጥም ሊደበቅም መቻሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 የታተመ የብራዚል ጥናት ይህን በግልጽ ያሳያል። ተመራማሪዎች በሬሲፌ ከተማ በገበያና በመንገድ ዳር የሚሸጡ፣ ዕድሜያቸው ከ9 እስከ 15 ዓመት የሆነ 5 ልጆችን እንደ ገዢ ቀርበው ሒሳብ ጠየቋቸው። ልጆቹ 98 በመቶ ገደማውን በትክክል መለሱ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ተመሳሳይ ስሌቶች በቁጥር ብቻ ተጽፈው ሲቀርቡላቸው ግን ትክክለኛው መልስ ወደ 37 በመቶ ወረደ። በቃላት የተገለጸ ችግር ሆነው ሲቀርቡ 74 በመቶ ገደማ ነበር።

ከመካከላቸው አንድ የ12 ዓመት ልጅ የአንዱ ኮኮናት ዋጋ 35 ክሩዜሮ ሲሆን የ4ቱን ዋጋ ተጠየቀ። የ3ቱን ዋጋ 105 ከልምድ ስለሚያውቅ 35 ጨምሮ 140 አለ። ያው ልጅ 35 ሲባዛ በ4 በወረቀት ላይ ሲሰጠው 200 ብሎ ጻፈ። 200 የሚለውን ብቻ አይቶ የሚያርም ሰው ይህ ልጅ ማባዛት አይችልም ብሎ ሊደመድም ይችላል።

ስለዚህ አንድ ተማሪ በውጤቱ ዝቅ ሲል፣ ስለ ችሎታው ከመወሰን በፊት ሌሎች ጉዳዮች መታየት ይኖርባቸዋል። ሰሌዳው በደንብ ይታየዋል? የመምህሩ ድምፅ ይሰማዋል? የሚማርበትን ቋንቋ ምን ያህል ያውቃል? በእርሻ ወይም በገበያ ሥራ ምክንያት ስንት ቀን ከትምህርት ቀርቷል? ከእነዚህ ቀጥሎ ጊዜም ገንዘብም የማይፈጀው መንገድ ተማሪው መልሱን እንዴት እንዳገኘው በቃል እንዲያስረዳ መጠየቅ ነው። የሬሲፌው ልጅ ሲያስረዳ፣ 4 ጊዜ 5 ሃያ መሆኑን በትክክል አውቆ፣ በእጅ የተያዘችውን 2 ግን አስቀድሞ ከ3 ጋር ደምሮ 5 ካደረገ በኋላ በ4 እንዳባዛ ታይቷል። መታረም የነበረበት ይህ አንድ እርምጃ ብቻ ነበር።