ለስፖርት ባለውለታዎች የሚሰጥ ዕውቅናና የማስረጃ አያያዝ፡- የውኃ ላይ ሸርተቴ ስፖርት ተሞክሮ

አንድን ስፖርት ለጀመሩ፣ ላስፋፉ ወይም ለድል ላበቁ ሰዎች ዕውቅና እንዲሰጥ የሚጠይቁ ቤተሰቦች፣ የቀድሞ ስፖርተኞችና የክለብ ኃላፊዎች አዘውትረው የሚያነሱት አንድ ጥያቄ አለ። ሰውየው የሠራውን ሥራ አገር እያወቀው ማስረጃ ለምን ይጠየቃል? ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን በደንብ ለማስረዳት ይረዳ ዘንድ በዚህ ጽሑፍ የአንድ ስፖርት ታሪክ እንደ ምሳሌ ቀርቧል፤ እርሱም የውኃ ላይ ሸርተቴ ነው።

ስፖርቱ በሀገራችን እምብዛም የተለመደ አይደለም። ለምሳሌነት የተመረጠው ዕድሜው ከመቶ ዓመት ብዙም ስለማይበልጥ መነሻውን በቅርብ ርቀት መመልከት ስለሚቻል፣ በተለይም ጀማሪው ራሱ ለአርባ ዓመታት ያህል ተረስቶ ከቆየ በኋላ በሕይወት ሳለ ተፈልጎ የተገኘበት ስፖርት ስለሆነ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑ በግልጽ ካልተመለከተ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሌክ ሲቲው ወጣት

በአሜሪካ የሚኒሶታ ግዛት፣ የሚሲሲፒ ወንዝ ሰፋ ብሎ የፔፒንን ሐይቅ በሚሠራበት ሥፍራ ሌክ ሲቲ የተባለች ትንሽ ከተማ ትገኛለች። የከተማዋ ነዋሪ የነበረው ራልፍ ሳሙኤልሰን በ18 ዓመቱ አንድ ሐሳብ መጣለት፤ በበረዶ ላይ መንሸራተት ከተቻለ በውኃ ላይ የማይቻልበት ምክንያት የለም የሚል። በመጀመሪያ የበርሜል ጣውላ ሞከረ፤ አልሆነም። የበረዶ መንሸራተቻ ሞከረ፤ እርሱም ሰመጠ። በመጨረሻ 2 ሜትር ከ40 ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመትና 23 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያላቸውን ሁለት ሳንቃዎች ገዝቶ ጫፋቸውን በእናቱ የመዳብ ማፍያ በፈላ ውኃ አለዘበ፤ ወደ ላይ እንዲቀለበሱም አጥብቆ አሰራቸው። ለእግር ማስገቢያ የቆዳ ጠፍር መታባቸው። መጎተቻው ለመስኮት የሚያገለግል ተራ ገመድ ሲሆን እጀታው ደግሞ የአካባቢው ብረት ሠሪ ያበጀለት ቀለበት ነበር።

ወንድሙ ቤን ጀልባውን እየነዳለት ደጋግሞ ሞከረ፤ ደጋግሞም ወደቀ። ሐምሌ 2 ቀን 1922፣ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 25 ቀን 1914 ዓ.ም፣ የመንሸራተቻዎቹን ጫፍ ከውኃው በላይ አድርጎ ወደ ኋላ በመደገፍ ሲነሣ ቆሞ መሄድ ቻለ። በማግስቱ 19 ዓመት ሞላው። ከሦስት ዓመታት በኋላ፣ በ1925፣ በከፊል ውኃ ውስጥ የገባን የመዋኛ መድረክ በአሳማ ስብ አለስልሶ ከላዩ በመዝለል የውኃ ላይ ሸርተቴን ዝላይም ጀመረ። በየከተማው እየዞረ ትርዒት አሳይቷል፤ በውኃ ላይ በሚያርፍ አውሮፕላን እየተጎተተም ተንሸራቷል።

ነገር ግን ራልፍ ሳሙኤልሰን የፈጠራ መብት አላስመዘገበም። በዚያው በ1925 ፍሬድ ዋለር የተባለ የኒው ዮርክ ሰው በራሱ መንገድ ለሠራው የውኃ ላይ መንሸራተቻ የፈጠራ ባለቤትነት ማረጋገጫ ተቀበለ። ዋለር ተራ ሰው አልነበረም፤ ኋላ ላይ ሲኔራማ የተባለውን ሰፊ የፊልም ማሳያ ዘዴ የፈለሰፈው እርሱ ነው። ያደረገውም ስሕተት የለበትም፤ ሥራውን ሠርቶ ሥራውን አስመዘገበ። ይሁን እንጂ መዝገብን የሚያገላብጥ ሰው የሚያገኘው የዋለርን ስም በመሆኑ የሌክ ሲቲው ወጣት ከታሪክ ወጣ። ሳሙኤልሰን በሥራ ላይ ጀርባውን ተጎድቶ ከመንሸራተት ከራቀ በኋላ ወደ ትውልድ ግዛቱ ተመልሶ በተርኪ ዶሮ እርባታ ይተዳደር ጀመር።

በ1963 አንዲት የጋዜጣ ዘጋቢ ለዕረፍት ወደ ሌክ ሲቲ በሄደች ጊዜ ተሰቅለው የሚታዩ አሮጌ መንሸራተቻዎችን ተመልክታ ስለ ባለቤታቸው ጠየቀች። ከዚያ በኋላ በወጣው ዘገባ ምክንያት ጉዳዩ ተመርምሮ የአሜሪካ የውኃ ላይ ሸርተቴ ማኅበር በ1966 ራልፍ ሳሙኤልሰንን የስፖርቱ ጀማሪ አድርጎ በይፋ ተቀበለ። ሳሙኤልሰን ያረፈው በ1977 ስለሆነ ክብሩን ለአሥራ አንድ ዓመታት ያህል አይቶታል። መንሸራተቻዎቹን ያቆየ ሰው ባይኖር ኖሮ ዘጋቢዋ የምትጠይቀው ነገር አይኖርም ነበር። የከተማው ሰው ያውቅ የነበረው እውነት ከከተማው ወጥቶ ለአርባ ዓመታት አልተሰማም። «አገር ያውቀዋል» የሚለው ምስክርነት ብቻውን የማይበቃው ስለዚህ ነው፤ የሚያውቀው አገር ምን ያህል ስፋት እንዳለው መዝገብ ብቻ ይወስናል።

በባዶ እግር መንሸራተትም ተመሳሳይ ታሪክ አለው። በ1947 በፍሎሪዳ ግዛት በዊንተር ሄቨን ከተማ ያለ መንሸራተቻ በውኃ ላይ በመቆም ቀዳሚው ኤ. ጂ. ሀንኮክ የተባለ ወጣት ነበር። በዚያው ዓመት ዲክ ፖፕ ልጅ ይህንኑ ሲያደርግ ፎቶግራፍ ተነሥቶ በሰፊው በመሰራጨቱ ስሙ የገነነው የእርሱ ነው። ማንም ማንንም አላታለለም። አንደኛው ፎቶግራፍ ነበረው፤ ሌላኛው አልነበረውም።

አሸናፊና ባለውለታ

የዕውቅና አሰጣጥ ለሚሹ ተገልጋዮች ግልጽ ሊሆን የሚገባው ሌላው ጉዳይ የአሸናፊና የባለውለታ ልዩነት ነው። የውኃ ላይ ሸርተቴ ይህን ልዩነት ቀደም ብሎ ተገንዝቧል። በፍሎሪዳ የሚገኘው የስፖርቱ የክብር አዳራሽ የሚያከብረው ሜዳሊያ ያጠለቁትን ብቻ ሳይሆን ጀማሪዎችን፣ ዳኞችንና አደራጆችንም ጭምር ነው።

ከአሸናፊዎቹ መካከል በ1949 በፈረንሳይ ዡዋን ሌ ፓን በተካሄደው የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና በሴቶች አጠቃላይ ውጤት ያሸነፈችው ዊላ ዎርዚንግተን ትጠቀሳለች፤ ይህንኑ ክብር በ1950 እና በ1955 ደግማዋለች። ሊዝ አለን በ1969 በኮፐንሃገን ስላሎሙን፣ ቅንብሩን፣ ዝላዩንና አጠቃላዩን ውጤት በአንድ ሻምፒዮና ጠቅልላ ወስዳለች። እንግሊዛዊው አንዲ ማፕል በስላሎም ስድስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል።

ከባለውለታዎቹ ደግሞ ዳን ሄይንስ አለ፤ የአሜሪካን የውኃ ላይ ሸርተቴ ማኅበር በ1939 ያቋቋመና ውድድሩን በደንብ የመራ ሰው ነው። የዲክ ፖፕ ልጅ ወላጆች የሆኑት ዲክ ፖፕና ባለቤቱ ጁሊም በ1936 በከፈቱት ሳይፕረስ ጋርደንስ የተባለ የመዝናኛ ሥፍራ ስፖርቱን ለሕዝብ አስተዋውቀዋል። በጦርነቱ ዘመን የመጡ ወታደሮች ትርዒት አለ ብለው ሲጠይቁ ጁሊ ፖፕ ልጆቿንና ጓደኞቻቸውን ሰብስባ ትርዒቱን የጀመረችው በዚያው ቀን እንደሆነ ይነገራል።

በውድድሩ ሜዳ ራሱ የማይታዩ ባለውለታዎች አሉ። ስላሎም የተባለውን ዘርፍ ብንወስድ፣ ተወዳዳሪው 259 ሜትር በሚረዝም መስመር ላይ ግራና ቀኝ የተቀመጡ ስድስት ተንሳፋፊ ምልክቶችን በውጭ በኩል ዞሮ ማለፍ አለበት። ጀልባው መሐሉን ይዞ በቀጥታ ይጓዛል፤ ከፍተኛው ፍጥነት ለወንዶች በሰዓት 58፣ ለሴቶች 55 ኪሎ ሜትር ነው። ተወዳዳሪው ስድስቱን ካለፈና ጀልባው ከፍተኛው ፍጥነት ላይ ከደረሰ ገመዱ ያጥራል፤ ከ18.25 ሜትር ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ እስከ 9.75 ሜትርና ከዚያም በታች ይወርዳል። ተንሳፋፊዎቹ ያሉት ከመሐል መስመር 11.5 ሜትር ርቀት ላይ ነው። እንግዲህ ገመዱ ከርቀቱ ሲያንስ የጎደለውን የሚሞላው የተወዳዳሪው የተዘረጋ ክንድና ወደ ውኃው የተጋደመ አካል ነው።

ጀልባ ነጂው ጥቂት ወደ ጎን ቢያዘነብል ተወዳዳሪው ያልለፋበትን ውጤት ያገኛል ወይም የለፋበትን ያጣል። በዚህም ምክንያት ክብረ ወሰን እንዲጸድቅ የውድድሩ መስመር አስቀድሞ በባለሙያ ይለካል፤ የጀልባው ፍጥነት በመሣሪያ ይቆጣጠራል፤ የጀልባው አካሄድና የተወዳዳሪው መግቢያ በተንቀሳቃሽ ምስል ተቀርጾ ይመረመራል። በሳሙኤልሰን ዘመን አንድም ወረቀት ያልነበረው ስፖርት ዛሬ ያለ ማስረጃ ግማሽ ነጥብ አይመዘግብም። ይህን ሁሉ የሚያከናውኑት ለካዮች፣ ዳኞችና ጀልባ ነጂዎች በአብዛኛው ስማቸው አይጠራም፤ ለእነርሱም የክብር ቦታ መዘጋጀቱ በዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ አስተያየት ከስፖርቱ በጎ ልማዶች ሁሉ የላቀው ነው።

የእኛም የስፖርት ታሪክ ለዚህ እንግዳ አይደለም። ክቡር ይድነቃቸው ተሰማ በተጫዋችነት ቢታወቁም የሚዘከሩት ይበልጡን ብሔራዊ ቡድናችን በ1962 የአፍሪካን ዋንጫ ሲወስድ በአሠልጣኝነታቸው፣ ከ1972 እስከ 1987 ድረስም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን በፕሬዚዳንትነት በመምራታቸው ነው። ከአበበ ቢቂላ የሮም ድል ጀርባ አሠልጣኙ ኦኒ ኒስካነን አሉ፤ ከኋለኞቹ ትውልዶች ሜዳሊያዎች ጀርባ ደግሞ ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬ። እነዚህ ስማቸው የቆየላቸው ናቸው። በየወረዳው ሜዳ የጠረጉ፣ ሩጫ በእጅ ሰዓት የለኩ፣ ታዳጊዎችን በራሳቸው ገንዘብ ጫማ የገዙላቸው ሰዎች ግን በርካታ ናቸው፤ ስለ አብዛኞቹ የተጻፈ ነገር የለም።

ማኅደር ለሚያዘጋጁ ተገልጋዮች

የሚጠየቀው ማስረጃ እንደ ዕውቅናው ዓይነትና እንደ ሰጪው አካል ይለያያል። ሆኖም ለማንኛውም ዓይነት ጥያቄ የሚጠቅመውን ነገር ዛሬውኑ መጀመር ይቻላል።

ከሁሉ አስቀድሞ በሕይወት ያሉ ምስክሮች ሊታሰቡ ይገባል። ሰነድ ከመሳቢያ ውስጥ አይጠፋም ይሆናል፤ አዛውንት ግን አይጠብቁም። አብሮ የተወዳደረ፣ የዳኘ ወይም የሠለጠነ ሰው ያየውን በራሱ አንደበት እንዲናገር አድርጎ፣ ቦታውን፣ ዘመኑንና የራሱን ድርሻ ጠቅሶ በጽሑፍ ማስፈርና ማስፈረም ያስፈልጋል። «ታላቅ አሠልጣኝ ነበሩ» የሚል ምስክርነት ብዙም አይረዳም። በየትኛው ሜዳ፣ ከየትኛው ዓመት እስከ የትኛው፣ እነማንን እንዳሠለጠኑ የሚገልጽ አንድ ገጽ ከብዙ ውዳሴ ይሻላል።

ፎቶግራፍ ሲኖር በምስሉ ላይ ያሉት ሰዎች ስም፣ ቦታውና ቀኑ ተለይቶ መጻፍ አለበት፤ ይህ ካልሆነ ከአንድ ትውልድ በኋላ ማንነቱ የማይታወቅ ሰው ምስል ሆኖ ይቀራል። የውጤት ወረቀት በዳኛ የተፈረመ ቢሆን ይመረጣል። ያገለገሉ ዕቃዎች፣ ማለትም መለያ፣ ጫማ፣ የእጅ ሰዓት፣ የሥልጠና ማስታወሻ ደብተር፣ ዋጋ የላቸውም ተብለው እንዳይጣሉ። የሳሙኤልሰንን ስም የመለሱት ሁለት ሳንቃዎች ናቸው።

ሁለት ነገሮች ደግሞ በተለይ ጥንቃቄ ይሻሉ። አንደኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። በሀገር ውስጥ የተጻፈ ማስረጃ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ከውጭ የመጣ የውድድር ውጤት ደግሞ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ስለሚሆን በመካከላቸው የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ይታያል። ከእያንዳንዱ ቀን አጠገብ «ዓ.ም» ወይም «እ.ኤ.አ.» ብሎ አለመጻፍ አንዱን ውድድር ሁለት ያስመስላል፤ አልፎ አልፎም ስፖርተኛውን ከመወለዱ በፊት የተወዳደረ ያደርገዋል። ሁለተኛው የስም አጻጻፍ ነው። አንድ ስም በፓስፖርት፣ በክለብ መታወቂያና በውጭ የውድድር ዝርዝር ላይ በላቲን ፊደል በሦስት ዓይነት ተጽፎ መገኘቱ የተለመደ በመሆኑ፣ ሁሉም የአንድ ሰው ስሞች መሆናቸውን የሚያስረዳ አጭር መግለጫ ከማኅደሩ ጋር ቢያያዝ መልካም ነው።

ለጽሕፈት ቤት የሚቀርበው ቅጂው ነው፤ ዋናው ሰነድ በቤተሰብ ወይም በክለብ እጅ ይቆይ። ማመሳከር ሲያስፈልግ ብቻ ዋናውን ይዞ መቅረብና በዕለቱ ይዞ መመለስ ይገባል።